በእጅ አይነካም

«እሷ እኮ ምንም አይገባትም። ቀዩን ነገር ዝም ብላ ትደበድበዋለች እንጂ፣ ሕፃን ልጅ በያት» አለች አስታማሚዋ ሼሪ በስልክ። እናቴ የተኛችበት አልጋ ከሼሪ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔ ማታ ከክሊቭላንድ ሁለት ሰዓት ነድቼ ገብቼ፣ ጠዋት የቡና ኩባያዬን ይዤ ከማድ ቤት ስወጣ ነው የሰማሁት፤ ሼሪ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችኝም። ክፉ ሰው አይደለችም። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ እናቴን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ፀጉሯን እንኳን በወጉ ታበጥርላታለች። ብቻ እጇ እየሠራ አፏ ስለ እናቴ ለሌላ ሰው ያወራል፤ እናቴ የቤት ዕቃ የሆነች ይመስል። እናቴ ግን ሰምታለች። ግራ እጇ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው ቀዩ መጫኛ ቁልፍ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊደልና ዝግጁ ቃላት በተደረደሩበት ስክሪን ላይ ያለው መብራት ከረድፍ ወደ ረድፍ እስኪወርድ ትጠብቃለች፣ ትጫናለች፣ ፊደሉ እስኪደርስ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትጫናለች። ሼሪ ስልኩን ዘግታ፣ አንሶላውን ጠቅልላ ምድር ቤት ከወረደች፣ ማጠቢያ ማሽኑም ውሃ መሙላት ከጀመረ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ በዚያ በደረቅ ድምፁ «ይገባኛል» ያለው። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ደሜ ፈላ። ነገር ግን ሼሪን ተከትዬ ወርጄ መጣላት ተፈጥሮዬ አይደለም፤ እኔ ስናደድ የምሄደው ወደ ኮምፒውተር ነው። እናቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና የሠራች፣ ሰው ሁሉ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ እሷን ሲፈራ የኖረ ሴት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና ምላሷንና ቀኝ ጎኗን ወሰደባት፤ አእምሮዋን ግን አልነካባትም። የቀራት ያ የሚንቀጠቀጥ ግራ እጅና አባቴ ከኢንተርኔት አውርዶ የገጠመላት ፕሮግራም ነው፤ በነፃ የሚሰጥ፣ ከየአገሩ ሰው በትርፍ ሰዓቱ እያዋጣ የሚጽፈው ዓይነት። ጉድለቱ ዘገምተኛነቱ ነበር። ቃሉ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ድምፁ እስኪወጣ አራት ሰከንድ ይፈጃል፤ በአራት ሰከንድ ደግሞ ሰው ፊቱን አዙሮ ሌላ ወሬ ይጀምራል። ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከካውንቲው ቢሮ፣ ገምጋሚ ትመጣለች ተብሎ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ አልጋ ተለቋል፤ እናቴ ከሆስፒታል የወጣች ጊዜ ስሟ ተራ ውስጥ ገብቶ ኖሮ አሁን ደረሳት። ትግባ ወይስ ቤቷ ትቆይ የሚለውን ባልም ልጅም አይናገርላትም፤ ራሷ መናገር አለባት። እኔም አባቴም ምን እንደምትል አልተጠራጠርንም። የፈራነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትየዋ እንደ ሼሪ ቸኩላ፣ እናቴ ሳትጨርስ ወረቀቷን እንዳትዘጋ።

አባቴ ኤሚል ቤት አልነበረም። በጾሙ ወራት ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዶ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ድንች ይልጣል፤ ሴቶቹ ድንቹን በሊጥ እየጠቀለሉ ፒሮጊ ይሠሩታል፣ ዓርብ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ደርዘኑ በአሥራ ሁለት ዶላር ይሸጣል። በሳምንት ውስጥ ከእናቴ አጠገብ የሚርቅባት ሦስት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ሲወጣ ኮፍያውን እያደረገ እናቴን «ሮኒ፣ ኢንጂነሯ መጥታለች፤ ኮምፒውተሩን ደብቂው!» ብሎ ነበር፤ እናቴም በዚያ በሚታዘዛት ግማሽ ፊቷ ፈገግ አለች። እኔ እንኳን ስቄያለሁ።

ቤታችን ፒትስበርግ ካሉት ቁልቁለቶች አንዱ ላይ የተንጠለጠለ ጠባብ የሸክላ ቤት ነው፤ ከመንገዱ እስከ በራችን ስልሳ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ ይወጣል። የፊተኛው ክፍል ድሮ እንግዳ ካልመጣ የማንገባበት ሳሎን ነበር። አሁን ሶፋው ተነሥቶ የሆስፒታል አልጋ ገብቶበታል፤ አጠገቡ የአባቴ ተንጋላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ትራስና የተጣጠፈ ብርድ ልብስ፣ ወንበሩ ሥር ሌሊት ተነሥቶ እናቴን እንዲያገላብጥ በየሁለት ሰዓቱ የሚጮህ ሰዓት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ሣጥኖች፣ ከጋዜጣ የተቆረጡ የዋጋ ቅናሽ ኩፖኖች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእናቴ ስክሪንና ቁልፍ በሽቦ የተያያዙበት የአባቴ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ኩፖኖቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ የምሠራው ሥራ ይሄው ነው። ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ፕሮግራሞች ከምንጫቸው ተነሥተው በትክክል መገንባታቸውን እያረጋገጥኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። በእኛ ሙያ ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። አንዱ ሰው የሚጽፈው፣ ምንጭ የምንለው ነው፤ እሱ የጋራው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማን መቼ ምን እንደነካ ሳይቀር ይመዘገብለታል። ሌላው ከዚያ ተነሥቶ ማሽን ራሱ የሚጽፈው ነው፤ ፕሮግራሙ በዚህኛው ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚገነባ የሚወስን መመሪያና የቁጥር ዝርዝር። ይሄኛው ማከማቻ ውስጥ አይገባም፤ የሚመዘግበውም የለም፣ ቢጠፋም የሚያለቅስለት የለም። አንድ ትእዛዝ ትሰጣለህ፣ ተመልሶ ይጻፋል። አናቱ ላይ ሁልጊዜ ያው ማስጠንቀቂያ አለ፦ ይህን የጻፈው ማሽን ነው፤ በእጅ አይነካም። አዲስ ምንጭ አውርደን ስንገነባ መጀመሪያ የምናደርገው የድሮውን የማሽን ጽሑፍ ጠራርጎ ማጥፋትና እንደ አዲስ ማስጻፍ ነው። እኔ ይህን በቀን ሃያ ጊዜ አደርገዋለሁ፤ ፊት እንደመታጠብ ነው።

በዚያ ወር የወጣውን አዲሱን ምንጭ አወረድኩ፤ ድምፁ ወዲያው እንደሚወጣ ተጽፎበታል። የአባቴ ማኅደር የአባቴን መሣሪያ ሣጥን ነው የሚመስለው፤ አርባ ዓመት የከተማው ትራም መካኒክ ነበር፣ ምንም ነገር አይጥልም። የድሮው፣ የድሮው ድሮ፣ የተገነባው፣ ግማሹ የተገነባው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተከምሯል። ማከማቻው የማያውቀውን ሁሉ አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። የሚጠፉት ፋይሎች ስም እየተደረደረ ወደ ላይ ሲነጉድ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር የቆሸሸ ቤት እንደጠረግሁ ነው የተሰማኝ። ከዚያ አስጻፍኩት፣ ከዚያ ገነባሁት። አንድም ስህተት አላወጣም። የማጠቢያ ማሽኑ ሳያቆም ጨርሻለሁ።

«እማዬ፣ እስቲ አሁን ሞክሪው» አልኳት ኩራት ኩራት እያለኝ። መብራቱ መውረድ ጀመረ። እጇ ተንቀጠቀጠና ተጫነች። «ውሃ ውሃ ውሃ ውሃ» አለ ማሽኑ በአዲሱ ፈጣን ድምፁ። ውሃ አመጣሁላት፤ አልፈለገችም። እንደገና ተጫነች፤ መብራቱ ከእጇ ቀድሞ ሄዶ ሌላ ረድፍ ላይ ያዛት። «አመመኝ አመመኝ» አለ። ሼሪ ከምድር ቤት እየሮጠች ወጣች። «ምን ሆነች? ምን ነክተሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ቅንብሩን ለማየት ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ፤ የመጠበቂያ ጊዜው የሚወሰንበትን ያንን ማሽን የጻፈውን ፋይል ከፈትኩ። አናቱ ላይ ማስጠንቀቂያው አለ። ከሥሩ ሠላሳ ሰባት መስመር፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር። ያኔ ትዝ አለኝ።

ያለፈው ዓመት ገና ላይ በአባቴ ትከሻ በኩል ይህንኑ ፋይል አይቼዋለሁ። መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ በአንድ ጣቱ ቁጥር ይመታበት ነበር። «አባዬ፣ ይሄ እኮ በእጅ አይነካም፤ እዚህ ጋ ተጽፏል፣ አታነብም እንዴ?» አልኩት። «አነበብኩት» አለኝ። «አንድ ቀን ድጋሚ ሲጻፍ ድራሹ ይጠፋብሃል።» «ማን ድጋሚ ይጽፈዋል? እዚህ ቤት ያለነው እኔና እናትሽ ነን።» ሳቅሁበት። የት ቦታ ቢጽፈው እንደማይጠፋ ላሳየው እችል ነበር፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። የገናው የለውዝ ኬክ ተቆርጦ ቀረበና ተውኩት። ምን ዓይነት ቁጥሮች እንደሆኑም አልጠየቅኩትም፤ ይህ ነው ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ።

የጠፋ ፋይል ያስመልሳሉ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ሞከርኩ። ዲስኩን የገዛሁለት እኔው ነኝ፤ ለአባቶች ቀን፣ መቶ አሥር ዶላር አውጥቼ፣ ፈጣን የሚባለውን። ፈጣንነቱ የተሰረዘውን ደምስሶ በማጽዳትም ጭምር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ የሚለቀም እንኳን አልተረፈም። ሼሪ ሰዓቷ ደርሶ ካፖርቷን ስትደርብ በበሩ በኩል አየችኝና «ኤሚል ሳይመጣ አስተካክይው እንግዲህ» አለች። እናቴ ከአልጋዋ ታየኛለች። በማሽኑ ልትናገር አልሞከረችም። እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም።

አባቴ ስድስት ሰዓት ላይ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ መጣ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ሲያርፍ በመስኮት አየሁት፤ ጥር ላይ የልብስ ቅርጫት ይዞ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ወድቆ የእጁ አንጓ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ኮፍያውን ሳያወልቅ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ፋይሎችህን አጠፋኋቸው።»

«የትኞቹን?»

«ማሽኑ የሚጽፋቸውን።»

«እነሱማ ተመልሰው ይጻፋሉ ብለሽኝ አልነበር?»

ፋይሉን ከፍቼ አሳየሁት። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየነካ ወረደባቸው። ሲጨርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የእናትሽ ቁጥሮች» አለ።

«ታስታውሳቸዋለህ?»

«ምኑን አስታውሳለሁ? እዚያ ጽፌያቸው ነበራ!»

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን ሲያሽከረክር ቆየ። ከቤተ ክርስቲያን በፎይል ጠቅልለው የሰጡትን ስድስት ፒሮጊ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠው ቀዘቀዘ። ከዚያ በዝርዝር ነገረኝ፤ ለእናቴ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የላይኛው ረድፍ ላይ እጇ ቶሎ ይነሣል፣ የታችኛው ላይ ይዘገያል። ስትጫን እጇ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል፤ የመጀመሪያው ነው የእሷ፣ የቀረው የበሽታው ነው፣ ማሽኑ እሱን እንዳይሰማ መደረግ አለበት። ስንት ዝላይ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ረድፍ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የለካው። «መጀመሪያው ሁለት ነጥብ አንድ ሰከንድ ነበር መሰለኝ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ እሱ የባለፈው በጋ ነው» አለ። እስከ ስምንት ሰዓት አራት ቁጥር አገኘን፤ ከአራቱ ሁለቱን እርግጠኛ አልነበረም።

ገምጋሚዋ ወይዘሮ ቲልማን ትባላለች፤ ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ደልደል ያለች ሴት። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅናት። «ይሄ ደረጃ ሰው ይገድላል» አለች። «እኛ ሃምሳ ዓመት ወጣነው፣ ይኸው አልገደለንም» አላት አባቴ። ሳቀች። ቡና አቀረብኩላት፣ አልጠጣችም፤ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ ከእናቴ ዓይን ትክክል ሆና ተቀመጠች። ያን ቀን ከቤተሰቡ ውጭ እናቴን እንደ ሰው ያናገራት የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። «ወይዘሮ ሴቦል፣ አይቸኩሉ። እኔ ዛሬ ሌላ ቀጠሮ የለኝም» አለቻት። ለእኛ ደግሞ ዘወር ብላ «እናንተ ግን ዝም ትሉልኛላችሁ፤ ደንቡ ነው» አለች። ለካ ጥድፊያው ሁሉ ለከንቱ ነበር። ይህች ሴት አራት ሰከንድ አይደለም አርባ ደቂቃም ትጠብቅ ነበር። አሮጌው ማሽን ሳይነካ ቢቆያት ይበቃት ነበር።

«እዚሁ ቤትዎ መቆየት ይፈልጋሉ?»

መብራቱ ወረደ። እናቴ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ሁለት ዙር አሳለፈችው፤ በሦስተኛው ተጫነች።

«አይ» አለ ማሽኑ።

«ማሽኑ ነው!» ብሎ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሚስተር ሴቦል።»

«እሷ አይደለችም ወይዘሮ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ዛሬ ጠዋት ነው የተበላሸው፣ ጠይቂያት፣ ልጄን ጠይቂያት!»

ወይዘሮ ቲልማን እጇን አንሥታ አስቆመችውና ጥያቄውን ደገመችው። እናቴ ተጫነች። «ውሃ ውሃ» አለ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጠበቀች፣ ተጫነች። «አይ አይ አይ ይበቃል።» የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ይኼኔ ነው እኔ የተናገርኩት፣ በሙያዬ ሙሉ ሥልጣን። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ላፕቶፔን ከፍቼ፣ እናቴ አንዴ ስትጫን ማሽኑ ሦስት አራት ጊዜ እንደሚቆጥር አሳየኋት። ትናንት ማታ የነበረውና ዛሬ ያለው አንድ ዓይነት ፕሮግራም አለመሆኑን በሥርዓት አስረዳሁ። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ እንደቆየሁ ነገርኳት። ከዚህ ማሽን የሚወጣ ቃል ዛሬ ላይ የማንም ቃል አይደለም አልኩ፤ ልክ እንዲህ ነው ያልኩት። አሳመንኳት። ስናገር እናቴ ግራ እጇን ሁለት ጊዜ ቁልፉ ላይ ጣለች፤ ማሽኑ አንድ ነገር አለ፣ ማናችንም አልሰማነውም።

«እንግዲያው በመሣሪያው ብልሽት ምክንያት ፈቃዷን ማወቅ አልተቻለም ብዬ እዘጋዋለሁ» አለች ወይዘሮ ቲልማን ብዕሯን እያወጣች። «ግን እንድታውቁት፣ አልጋው ነገ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል። ተራው ተመልሶ እስኪደርስ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

«ይሰጥ! ለማንም ይሰጥ!» አለ አባቴ። እስከ በሩ ሸኝቷት፣ ደረጃው ያንሸራትታል ተጠንቀቂ ብሏት ተመለሰ። እናቴ ከግራ ዓይኗ እንባ ይወርድ ነበር። ከታመመች ጀምሮ ዓይኗ እንዲሁ ያነባል፤ አባቴ በመሀረቡ ጠረገላትና «ደክሟታል» አለኝ። ግንባሯን ሳማት።

ከዚያ በኋላ አባቴ እንዴት እንደሚለካ አሳየኝ። ሰዓት ይዞ፣ የቁጥር ስሌት ሠርቶ የመሰለኝ ሁሉ አይደለም። ወንበሩን ስቦ መዳፉን ከእሷ መዳፍ ሥር ያስገባል፣ እጇ እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ሲመጣ እሷ ልትጫን ስታስብ ጡንቻዋ ሲጠነክር ይሰማዋል። «አሁን ነው ወይስ ገና?» ይላታል። አንዴ ዓይኗን ከጨፈነች አሁን፣ ሁለቴ ከጨፈነች ገና። ይህ የሁለቱ ብቻ ምልክት ነበር፤ እኔም ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ተነሥቶ ቁጥሩን ይጽፋል፣ እንደገና ያስገነባል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። «ጠየቅኳታ» አለኝ፤ ለዚህ ሁሉ የነበረው ማብራሪያ እሱ ብቻ ነው። እኔ እየጻፍኩ፣ በዚህ ጊዜ በማይጠፋበት ቦታ፣ እሱ እየጠየቀ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዘጠኝ ቁጥር ያዝን። በመካከሉ ሁለት ጊዜ መዳፉ ከእሷ መዳፍ ሥር እንዳለ አንቀላፋ። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ አልተጫነችም፤ እስኪነቃ ዝም ብላ ታየው ነበር። እኔም አየሁ፣ ምንም ግን አልገባኝም።

አባቴ ግን ደስ ብሎታል። አልጋው ለሌላ ሰው መሄዱ ሸክም አውርዶለት፣ ጥር ከመግባቱ በፊት እንዳየሁት ዓይነት ሰው ሆነ። «ዛሬ ፓስታውን በጎመንና በቅቤ እሠራላችኋለሁ» አለ። «እንቁላልም ያስፈልጋል፤ ደርዘኑ አምስት ዶላር ገብቷል፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ገዝተው የሚበሉት አይመስለኝም።» ላመጣልህ ብለው እምቢ አለ፤ አየር ልቀበል ብሎ ወጣ። ቀና ብሎ ሳይሆን ብረቱን ይዞ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግሩ እየረገጠ ነው የወረደው።

እኔ በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። መዳፌን ከእናቴ መዳፍ ሥር አስገባሁ፤ እጇን እንዲህ አድርጌ ከያዝኩት ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላውቅም። ቀለል ያለ ነው፣ ይሞቃል፣ አያርፍም። መብራቱ ወረደ። «አይ» አለች። «አውቃለሁ እማዬ፣ ማሽኑ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ያኔ አየችኝ። ትምህርት ቤት ስትሠራ ወላጅ ዋሽቶ ልጁን ሊያስወጣ ሲመጣ የምታየው አስተያየት ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን ደምስሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ፊደል በፊደል ነው የጻፈችው፤ ሲሳሳትባት እየደመሰሰች፣ ስትደክም መዳፌ ላይ እያረፈች። ከወንዙ ማዶ ያሉት መስኮቶች አንድ በአንድ መብራት ሲበራባቸው እኔ ቃሉን ቀድሜ ልገምትላት እየሞከርኩ ሁሉንም ጊዜ ተሳሳትኩ። ስትጨርስ ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ተቀምጦ ነበር፦ አይ ያልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ አረፈችና ከሥሩ ጨመረች፦ ኤሚል ይተኛ።

ድምፁን አላስወጣችውም። እንዳነብላት ብቻ ነው የፈለገችው። ደጋግሜ አነበብኩት። ነገ ጠዋት ወደ ካውንቲው ቢሮ መደወል ይቻላል ብዬ አሰብኩ፤ አልጋው የሚሰጠው ነገ ነው፣ ገና አልተሰጠም። ከዚያ አባቴን አሰብኩ፤ ይህን ሲያነብ ፊቱን አሰብኩ። በዚህ ዓለም ላይ ከእኔ በቀር ሊነግረው የሚችል ሰው አልነበረም። እናቴም ይህን አውቃ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። የአባቴ እግር ደረጃውን ሲወጣ፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲወጣ ይሰማኛል። በሩ ሲከፈት እጄ ያለምንም ትእዛዝ ተዘርግቶ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ደመሰሰ።

«እህስ፣ አወራችሽ?» አለ አባቴ ከረጢቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከቅዝቃዜው ጉንጩ ቀልቶ። «ምን አለች?»

«ገና ነው አባዬ» አልኩት። «ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀባጥራል።»

«አይዞሽ ሮኒ፣ ነገ እናስተካክለዋለን። ጊዜ ሞልቶን!» አላትና እንቁላሉን እንዳይሰበር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። እናቴ እጇን ከእጄ ላይ አነሣችና ብርድ ልብሱ ሥር አስገባችው።